ከማላውቀው ልጅ ጋር የተካፈልሁት ጉበት

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን «በሌሊት ወጣሁ» ብሎ ይጀምራል። እኔ ከወረታ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት ላይ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ቆሞ ነበር፤ ሹፌሩ ጋቢና አስገባኝ። የያዝሁት አንድ ፌስታል ብቻ ነው። ፌስታል ያንጠለጠለ ሰው ባሕር ይሻገራል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ለእናቴ «ጎንደር የቀን ሥራ አግኝቻለሁ» ብያታለሁ። እውነቱን የሚያውቀው ታናሽ ወንድሜ አበጀ ብቻ ነበር።

«አያ፣ ስትቆይባት እማን ምን ልበላት?» አለኝ የመኪናውን በር ይዞ። እኛ ዘንድ ታላቅ ወንድም «አያ» ነው የሚባለው።

«ሥራው ረዘመ በላት።»

«እስከ መቼ?»

«እስክደውል። እውነቱን እንዳትነግራት ብቻ፣ በጭንቀት ትሞትብሃለች።»

እሺ አለ። አበጀ እሺ ካለ እሺ ነው። እኔ ሊቢያ መጋዘን ውስጥ ተዘግቶብኝ ሳለሁ እሱ «ሞላ ጎንደር ግንብ እየሠራ ነው» ይላት ነበር። «ኧረ ይህ ግንብ ስንት ፎቅ ቢሆን ነው?» እያለች ትገረም ነበር አሉ። በኋላ ይህን በስልክ ሲነግረኝ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። አሁን ሳስበው ምኑ ነበር የሚያስቀው? መደበቅን ያስተማርሁት እኔው ነኝ።

የመንገዱን ነገር አላበዛባችሁም። ከመተማ ካርቱም፣ ከካርቱም ሊቢያ፣ ከሊቢያ ባሕር፤ ሌሎች ከእኔ አሳምረው ጽፈውታል። እኔ የምጽፍላችሁ፣ ወረታ ላላችሁትም በየካምፑ ላላችሁትም፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ባሕሩ ላይ ማንንም አልበደልሁም። ወንድሜን የበደልሁት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ ስልክ በእጄ ይዤ ነው።

ጀርመን እንደገባሁ ጉዳዬን የያዙት ሰውዬ የትውልድ ቦታዬን አይተው በአስተርጓሚ ጠየቁኝ።

«ፎገራ ከተማ ነው መንደር?»

«ሜዳ ነው።»

«ሜዳ ላይ ነው የምትኖሩት?»

«አዎ። ክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ደግሞ ውኃ ነው።»

«ያን ጊዜ የት ትሄዳላችሁ?»

«የት እንሄዳለን፣ እዚያው ነን። አልጋውን ከፍ እናደርገዋለን።»

ሰውዬው መጻፋቸውን ትተው መነጽራቸውን አወለቁ። «ላሞቹስ?»

«እነሱማ ወደ ከፍታው ይወጣሉ።»

«ላሞቹን አሽሽታችሁ እናንተ ውኃው ውስጥ ትቀራላችሁ?»

የፎገራን ላም አላዩ፣ ምን ልበላቸው? ብቻ አዝነውልኝ ይሁን ግራ ገብቷቸው፣ ከብዙ ወራት በኋላ የመኖሪያ ፈቃዱ መጣልኝ። ሥራም አገኘሁ፤ ሽንኩርት ማሸጊያ። ከሽንኩርት አገር ወጥቼ ሽንኩርት ላይ አረፍሁ ማለት ነው። የእነሱ ሽንኩርት ትልቅ ነው፣ ግን ዓይን እንኳ አያስለቅስም። ሩዛቸውንስ ብታዩት! በወተትና በስኳር ቀቅለው ቀረፋ ይነሰንሱበታል። እኛ ከጤፍ ቀላቅለን እንጀራ እንደምናደርገው ስነግራቸው እነሱ ደግሞ በእኔ ይስቃሉ።

የተከራየሁት ሄር፣ ማለትም አቶ፣ ክሩገር ከሚባሉ ሽማግሌ ቤት፣ ከላይኛው ፎቅ ነው። የመጀመሪያው እሑድ ቁሌት ጥጄ ሳለሁ በሩን ደበደቡት።

«የሆነ ነገር እየተቃጠለ ነው!»

«አይ፣ ሽንኩርት ነው።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ? በእኛ ቤት ሽንኩርት አምስት ደቂቃ ነው የሚጠበሰው።»

«የእናንተ ጥሬ ነው» አልኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሩኸጻይት» የሚሉትን፣ ማለትም የጸጥታ ሰዓትን፣ በትልቁ ጽፈው በሬ ላይ ለጠፉብኝ።

በዚህ መሀል ድካም ጀመረኝ። ካልሲዬን ለማጥለቅ እንኳ አረፍ ብዬ ሆነ። ሆዴ ተነፋ፣ ዓይኔ ቢጫ ሆነ። አገር ቤት ብሆን «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ሥር ያጠጡኝ ነበር። እዚህ ደም ቀዱና ዶክተሯ አስቀምጣ ነገረችኝ፤ የጉበት ቫይረስ ነው፣ ሄፓታይተስ ቢ የሚሉት። ዛሬ የያዘህ አይደለም፣ ስትወለድ ከእናትህ ሳይተላለፍብህ አልቀረም፤ እሷም ሳታውቀው ነው አለችኝ። ብዙ ዓመት ሳያም ጉበቴን ሲበላው ኖሯል። ቀድሞ ቢታወቅ ቫይረሱን የሚይዝ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አለ፤ የእኔ ግን ጠባሳ ሆኗል፣ የሰው ጉበት ካልተተካልኝ አልድንም።

«ወንድም እህት አለህ?»

«አንድ ወንድም አለኝ።»

«ዛሬውኑ ደውል። ይመርመር። ልጆች ካሉትም ይመርመሩ። እሱ እንዳንተ ሳይሆን ይደረስበታል።» ይህንኑ በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ።

ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት።

ለምን? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ መሰላችሁ። አንደኛ ነገር፣ እኛ በሰው አገር ያለን ሰዎች «ታምሜያለሁ» ብለን አንደውልም። እናት እዚያ ሆና ምን ታደርጋለች? ከማልቀስ በቀር። የባሰው ግን ሌላ ነው። አበጀን «ተመርመር» ካልሁት «ከየት መጣ?» ማለቱ አይቀርም። ከየት ልበል? ከእማ? ስምንት ወልዳ ስድስት የቀበረች ሴት፣ የቀረነውን ሁለቱን መርዘሽናል ልበላት? ይህን ከአፌ ከማወጣ ልሙት አልሁ። ሟቹ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

በየሳምንቱ እንደዋወል ነበር። «ደህና ነህ አያ?» ይላል። «ድንጋይ ነኝ» እላለሁ። «አንተስ?» «እኔማ ምን እሆናለሁ።» አንድ ቀን ግን ድምፁ ሰለል አለብኝ።

«ምን ሆነሃል?»

«ኧረ ምንም። ትንሽ ድካም ነው። ወባ ነው አሉኝ።»

«ሩዝ እያረምህ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ከጭቃው አልወጣሁም።»

«እሱ ነው እንግዲህ። አረም ያደክማል» አልሁት። ወረቀቱ ካለበት መሳቢያ ላይ ክርኔን አስደግፌ ነው ይህን ያልሁት። ከዚያ ወዲህ ለወጉ በቪዲዮ እንተያይ ስለው «ኔትወርኩ አይስብም» እያለ በድምፅ ብቻ ሆነ። እኔም ዓይኔ ቢጫ ስለሆነ እሰይ፣ ተገላገልሁ አልሁ።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ወረፋ ጠበቅሁ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሆስፒታሉ ደወለ፣ ቶሎ ና አሉኝ። ቀዶ ሐኪሟ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ አዲስ አበባ ያደገ ልጅ፣ ሌላ ከተማ ሆኖ ያስተረጉማል።

«ጉበቱ ዛሬ ከሞተ ሰው የመጣ ነው» አለች። «ትልቅና ጤነኛ ነው። ስለዚህ ለሁለት ልንከፍለው እንችላለን። ትንሹ የግራው ክፍል ለአንድ ሕፃን ልጅ ይበቃል። የቀኙ፣ ትልቁ፣ ላንተ ይበቃል፤ አንተ ቀጭን ነህ።»

«ወንድሜ፣» አለ አስተርጓሚው፣ «ጉበቱን ይቆርጡታል ነው የምትለው። ይቅርታ፣ ዱለት አዝዤ ነበር፣ በቃ ትቼዋለሁ።»

ሐኪሟ ምን እንዳለኝ ስትጠይቀው «ይቀጥሉ» አላት። ይህን እንዴት ይተርጉመው?

ሐኪሟ ወረቀት አውጥታ ሣለችልኝ። ደም የሚያስገቡ ሁለት ሥሮች አሉ፣ የሚያስወጡ አሉ፣ ሐሞት የሚወርድበት ቱቦ አለ። ሥጋውን መክፈል አይደለም ከባዱ አለች፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መግቢያና የራሱ መውጫ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ግንዱ ለአንደኛው ይቀራል፣ ሌላው በቅርንጫፉ ይሰፋል። ጉበቱ በረዶ ላይ ተኝቶ ነው ይህ ሁሉ የሚሠራው፣ ደግሞም ከተወሰነ ሰዓት በላይ አይቆይም። ሁለት የሐኪም ቡድን፣ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለልጁ።

እኔ ይህን ለማወቅ ትምህርት አላስፈለገኝም። አባታችን ሲሞት መሬቱን ከአበጀ ጋር ስንካፈል አፈሩን መለካት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ቦዩ ነው ሦስት ቀን ሽማግሌ ያስቀመጠ። ውኃ የማይገባበት የሩዝ ማሳ ምን ያደርጋል? ውኃ የማይወጣበትስ? በመጨረሻ አበጀ ተነሣና «አያ ታላቅ ነው፣ ቦዩ በሱ በኩል ይሁን፣ እኔ ከሱ እጠልፋለሁ» ብሎ ገላገለን። ሽማግሌዎቹ መረቁት። ስወጣ ደግሞ የእኔንም የሱንም የሚያርሰው እሱ ሆነ።

«እምቢ ብልስ?» አልኋት።

«ሙሉው ላንተ ይሆናል። ልጁ ሌላ ይጠብቃል። ላንተ ሙሉው ትንሽ ይሻልሃል፤ ሲከፈል ከተቆረጠበት ሐሞት ሊፈስ ይችላል። ብትፈራ አልፈርድብህም።»

ያን ጊዜ ምን ትዝ አለኝ መሰላችሁ? ቅርጫ። ለፋሲካ በሬ ጥለን ስንከፋፈል መደቡን የሚመድበው አበጀ ነበር። ቢላው እጁ ላይ ያምርለታል። አሥራ ስድስት መደብ ከሆነ ጉበቱን አሥራ ስድስት ቦታ ይቆርጠዋል፤ የጥፍር ያህል ብትሆንም ለሁሉም ትደርሳለች። አንድ ዓመት አንድ ሀብታም ጎረቤታችን «ሻኛው ይቅርብኝና ጉበቱን ሙሉ ስጡኝ» ቢለው፣ «ጋሼ፣ ጉበት ብቻውን የሚበላ ሰው የት አይተው ያውቃሉ?» አለው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ ሰውዬውም ሳይወድ ሳቀ።

ይህን ለሐኪሟ ነገርኋት። አስተርጓሚው ይህንንስ ተረጎመው። እሷም ሳቀችና ብዕሩን ሰጠችኝ። ፈረምሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኮራሁ። ወደ ቀዶ ክፍሉ ሲገፉኝ ራሴን ደግ ሰው አድርጌ ነበር የማየው።

ሐሞቱ እንደተባለው ፈሰሰ። በጎኔ ቱቦ ተክለውልኝ ከተባለው በላይ ብዙ ሳምንት ተኛሁ። ይጠይቁኝ የነበሩት ጋሽ ውበቱ ናቸው፤ የአንበሳሜ ሰው፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ያለነው የአገር ልጆች ሁሉ አባታችን። በመጀመሪያው ቀን እጃቸውን ይዤ «ጋሽ ውበቱ፣ አደራዎን፣ አገር ቤት እንዳይሰማ» አልኋቸው። «አንተ ትሙት፣ አልናገርም» አሉኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ያመጡልኝን ሾርባ አስቀምጠው መስኮቱን ሲያዩ ቆዩ። ቁስሌን አይተው የተሳቀቁ መሰለኝ። «ይደርቃል፣ አይዞዎ» ብዬ እኔው አጽናናኋቸው።

ከሆስፒታል ስወጣ ሰው ሆንሁ። ዓይኔ ነጣ። ወረቀቱን ከመሳቢያው አወጣሁትና አሁንስ ለአበጀ እነግረዋለሁ አልሁ፤ ድኛለሁ፣ አያለቅሱም፣ ለእማ የሚነገርበትን መላ ደግሞ እሱ ያውቅበታል። ደወልሁ፣ ስልኩ ዝግ ነው። ለእናቴ ደወልሁ።

«ርብ ማዶ ተሻግሯል» አለችኝ።

በሳምንቱ ደወልሁ። «አንበሳሜ ወርዷል፣ በሬ ሊያይ።»

ደግሞ በሳምንቱ። «ጣራ ገዳም ጠበል ገብቷል።»

«ጠበል? ምን ሆኖ?»

«ለበረከት ነው ልጄ። ምን ይሆናል።»

«ሲመጣ ይደውልልኝ፣ ብርቱ ጉዳይ አለኝ።»

«እነግረዋለሁ የኔ ጌታ» አለችኝ። እንዴት ቻለችው? ልጇን ቀብራ አርባውን አውጥታ፣ እንዴት «እነግረዋለሁ» አለችኝ?

አንድ እሑድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ውበቱ ናቸው፣ ከኋላቸው አራት የአገር ሰዎች፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አገሬን ብረሳ ይህን አልረሳም። እንዲህ ተሰብስቦ በጠዋት የሚመጣ ሰው መርዶ እንጂ ሌላ ይዞ አይመጣም።

«እማ ናት?» አልሁ።

«አበጀ ነው ልጄ» አሉኝ።

እንዴት እንደጮህሁ አላውቅም። ሄር ክሩገር በፒጃማ ወጥተው «ዛሬ እሑድ ነው! የጸጥታ ሰዓት ነው!» ሲሉ ይሰማኛል። አንዷ ሴት ወጥታ «ወንድሙ ሞቶ ነው» አለቻቸው። «መቼ?» አሉ። «ሦስት ወር ሊሆነው ነው።» ሽማግሌው ደረጃው ላይ ቆሙ። «ሦስት ወር? ታዲያ ለምን ዛሬ ያለቅሳል?» ከሰዓት በኋላ ግን ከበሩ ሥር አንድ ሰሐን ኬክ ተቀምጦ አገኘን።

ሰዉ ረጋ ሲል ጋሽ ውበቱን ያዝኋቸው። «መቼ ሰሙ?»

«አንተ ቱቦ ተተክሎልህ ተኝተህ ሳለህ። ቁስሉ ይድረቅለት አልሁ።»

«ምን ነበር ሕመሙ?»

«ጉበቱ ነው አሉ። መጀመሪያ ወባ አሉት። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ሥር ጠጣ፣ ጠበል ገባ። ደብረ ታቦር ሲያደርሱት ሆዱ ውኃ ሞልቶ ነበር፣ ሐኪሞቹ ዘገያችሁ አሏቸው። ለቤተሰቡ ያላቸው አንድ ነገር ነው አሉ። ‹አያ ብቻውን ነው፣ እንዳትነግሩት› ነው ያለው።» ከዚያ ጋሽ ውበቱ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «አንተ አትንገሩብኝ አልኸኝ፣ እነሱም አትንገሩብን አሉኝ። ሁለታችሁንም ተሸክሜ ስሄድ ስመለስ ከረምሁ። እኔስ ሰው አይደለሁም ወይ?»

ተነሥቼ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ጀርመንኛ ያነባሉ። ቀስ ብለው አነበቡት፣ ከላይ ያለውን ቀን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ከዚያ አጥፈው መለሱልኝ። ምነው በሰደቡኝ።

በማግሥቱ ለእናቴ ደወልሁ። ብዙ አለቀስን። ሲበርድልን «እማ፣ የአበጀ ልጆች ይመርመሩ። ሚስቱ ትሁንም፣ አንቺም» አልኋት።

«ምናችንን?»

ነገርኋት። ሁሉንም፤ ሕመሙን፣ ቀዶውን፣ ኪኒኑን፣ ከማላውቀው ልጅ ጋር የተካፈልሁትን። ከየት እንደመጣ ብቻ አልነገርኋትም። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አለች።

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«አበጀ ሳይተኛ?»

«ሳይተኛ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማ?» አልሁ። «አለሁ» አለች።

በሦስተኛው ቀን ትሁን ሁሉንም ይዛ ወረታ ጤና ጣቢያ ሄደች። እሷና ትልቁ ልጅ ነጻ ናቸው፣ ክትባት ጀመሩ። ትንሿ ላይ ግን ተገኘ፣ ከአባቷ ሳይሆን አይቀርም አሉ፤ ጊዜው ገና ነው፣ ክትትል ታደርጋለች ተባለ። እናቴም ላይ ተገኘ። ነርሷ ምን እንዳለቻት አላውቅም። ከእናት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ነግራት ይሆናል፤ ሁለት ዓመት የፈራሁት ነገር በአንድ ጠዋት፣ በማታውቃት ልጅ አፍ ተነግሯት ይሆናል። ልጠይቃት አልደፈርሁም። ይህን የምታነቡ፣ ስልኩን አንሡና ንገሩ፤ የሚያለቅስ ያልቅስ፣ ለቅሶ ሰው አይገድልም።

አሁንም በየእሑዱ እደውላለሁ። እናቴ ስልኩን ትቀበላለች፣ ደህንነቴን ትጠይቃለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች፣ ለትሁን ታቀብላለች። ድሮ ላሟ ስትወልድ፣ ዶሮዋ ስትጠፋ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ አንዱን ሳትነግረኝ ስልኩን አትዘጋም ነበር። ያን ወሬ ነው የራበኝ። ባለፈው እሑድ ግን እንደ ልማዷ ልታቀብል ስትል ቆም አለች።

«ያኛው ልጅስ?» አለችኝ። «ጉበቱን የተካፈልኸው። ዳነ?»

«አላውቅም እማ። ማን እንደሆነ አይነግሩንም፣ ሕጉ አይፈቅድም።»

«ማንነቱን አላልሁህም። መዳኑን። ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?»

በየወሩ ለምርመራ እሄዳለሁ። ሐኪሟ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች፣ ሌላ ጥያቄ አለህ ወይ ትለኛለች። አንድም ቀን አልጠየቅሁም። እናቴ መልሴን ትንሽ ጠበቀችና ስልኩን ለትሁን ሰጠቻት።